ሁለተኛ ልጄን በተገላገልሁበት ጤና ጣቢያ ያገኘሁት አገልግሎት

የመጀመሪያ ልጄን የወለድሁት ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ነበር። ምጡ ሲረዝም አንድ ባለሙያ ምንም ሳይነግረኝ በክንዱ ሆዴን ወደ ታች ይጫን ጀመር፤ ሌላዋ «ዝም ብለሽ ግፊ!» እያለች ትቆጣኝ ነበር፤ በመቀስ መቀደዴን እንኳ ያወቅሁት ሲሰፉኝ ነው። እናቴ ከበሩ ውጭ ቆማ «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ይሰማኛል፤ እንድትገባ ግን አልተፈቀደላትም። ልጁም እኔም በሰላም ስለወጣን ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገንፎውን ቀምሶ ሄደ። በ45ኛው ቀን ልጁን ለክትባት ይዤ ስሄድ አንዲት ነርስ አጠገቤ ጓንት ስታጠልቅ የላስቲኩ ድምፅ ላብ አጠመቀኝ። ካርዱ ላይ የልጁ ክብደት ተጻፈ፤ ስለ እኔ የጠየቀ አልነበረም።

ይህ ስሜት፣ ብዙ አራሶችን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ከሚያስብሳቸውና በሁለት ሳምንት ገደማ ከሚያልፈው ስሜት የተለየ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ወሊድ የሚያደርሰው የሥነ ልቦና ጉዳት ከወር በላይ ይቆያል፤ የወሊዱ ሰዓት በእንቅልፍም በቀንም እየተመለሰ ይታያል፣ ቦታውንና ወሬውን መሸሽ ይመጣል፣ ሰውነትም ሁልጊዜ እንደደነገጠ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ ከወለዱ እናቶች 4 በመቶ ያህሉ ለዚህ እንደሚዳረጉ፣ ከባድ ችግር በገጠማቸው እናቶች ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ እጅግ ከፍ እንደሚል አሳይቷል።

በሁለተኛው እርግዝናዬ የተከታተልሁበት የመንግሥት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ «ባለፈው ምን አስፈራሽ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የነገርኋትን ሰምታም በካርዴ ላይ «ከመነካቷ በፊት ይነገራት» ብላ ጻፈች። ምጡ በመጣ ዕለት እህቴ ከጎኔ አልተለየችም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላዷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል፤ ሆድን ተጭኖ ማስገፋትንና ያለ በቂ ምክንያት መቅደድን ደግሞ አይደግፍም። ስለዚህ ያገኘሁት እንክብካቤ እንደ ልዩ ቸርነት ሊታይ አይገባም።

ልጄ ከተወለደች በኋላ ደሜ ከልክ በላይ መፍሰስ ጀመረ። አዋላጇ እጇን ሆዴ ላይ ከማሳረፏ በፊት «እህቴ፣ ማሕፀንሽ እንዲኮማተር አሸዋለሁ፤ ያምሻል፣ ደሙን ግን ያቆመዋል፤ ልጀምር?» አለችኝ። እውነትም አመመኝ። ያው ሆዴ ነው፣ ያው ጫና ነው፤ ነገር ግን የሚደረገውን አውቄ፣ ፈቅጄ፣ የእህቴን እጅ ይዤ ስለነበር ይህ ሕመም ሌሊት ተመልሶ አልመጣብኝም። በማግስቱም አልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ፣ እኔ ራሴ እስክጀምር ድረስ ምንም እንድናገር ሳታስገድደኝ፣ የጠየቅኋትን ሁሉ መለሰችልኝ።

ጉድለቱንም መናገር ይገባኛል። በሁለቱ አልጋዎች መካከል ያለው መጋረጃ አጭር ነው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም ስለሌለ የሚያስፈልጋት እናት ወደ ሆስፒታል ትላካለች። ከሁሉ የከፋው የ45ኛው ቀን ምርመራ የሚካሄድበት ቦታ ነው። የሚጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1987 የተዘጋጁት አሥሩ የኤድንብራ ጥያቄዎች ናቸው፤ እነዚህ የሚለኩት ድባቴን ስለሆነ ከወሊድ የመጣን ድንጋጤ ሊያልፉት ይችላሉ፤ ያም ሆኖ መጠየቃቸው በጎ ነው። የሚነበቡት ግን በክትባቱ ሰልፍ ፊት ነው። አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ ይጠይቃል።

ጤና ጣቢያውን ለማንኛዋም ነፍሰ ጡር ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለዚያ ጥያቄ ግን በር የሚዘጋበት ክፍል እንዲሰጠው ኃላፊዋን ለምኛለሁ። እኔ «የለም» ያልሁት እውነቴን ነበር። ከእኔ ቀጥላ የተጠየቀችው ወጣት እናት ግን መጀመሪያ ዞር ብላ ሰልፉን አየች፤ ከዚያ ነው «የለም» ያለችው።