የኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መቼ ይቀየር? ሙሉ ሲንቴቲክ ዘይት በፒካፕ ላይ፣ ከ10 ወር በኋላ

ከ118,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ከካምቢዮው የወጣው የፋብሪካ ዘይት ቀይነቱ ጠፍቶ ጥቁር ቡና መስሎ ነበር። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ሲያርፍ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ተወ፤ ዙሪያውን ደግሞ ቡናማ ቀለበት ሠራ። ሽታው የተቃጠለ ነገር ሽታ ነበር። በምትኩ የገባው ሙሉ ሲንቴቲክ ዘይት አሁን 10 ወር ሞልቶታል፤ 24,000 ኪሎ ሜትርም ሄዷል። በዚያው ዓይነት ወረቀት ላይ ሲፈተን ዛሬም ቀይ ነው፤ ትንሽ ጠቆር ከማለቱ በቀር ነጥብ የለውም፣ አይሸትምም።

መኪናው ባለ 6 ማርሽ ኦቶማቲክ የናፍጣ ፒካፕ ነው። ከሄደው መንገድ ግማሽ ያህሉን የሄደው ጭነት ይዞ ነው፤ ዳገት ይበዛበታል፣ አልፎ አልፎም ተጎታች ይስባል። የብዙ ፒካፖች መመሪያ መጽሐፍ የካምቢዮ ዘይት በመደበኛ አጠቃቀም መቀየር አያስፈልገውም ይላል። ባለንብረቱን የሚያዘናጋው ይኸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ጥቂት ገጽ ገለጥ ቢያደርጉ ጭነት መሸከም፣ ተጎታች መሳብና አቧራማ መንገድ ላይ መሥራት "ከባድ አጠቃቀም" ተብለው ተዘርዝረው ይገኛሉ። ፒካፕ የሚገዛው ለዚሁ ሥራ አይደል? ለከባድ አጠቃቀም አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀምጡት ከ60,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው። ለሚጫን መኪና ይህም ቢሆን የላይኛው ጣሪያ ተደርጎ መታየት አለበት።

ዘይቱን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ኪሎ ሜትር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቶርክ ኮንቨርተር የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው በዘይት ነው። ውስጡ ያለው መቆለፊያ ክላች እስኪይዝ ድረስ ሞተሩ በሚዞርበትና ካምቢዮው በሚዞርበት ፍጥነት መካከል ልዩነት አለ፤ በዚያ ልዩነት የሚባክነው ጉልበት በሙሉ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በሜዳ ላይ በ90 የሚነዳ መኪና፣ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ በ25 ከሚንፏቀቅ መኪና ይልቅ ዘይቱን በእጅጉ ያሳርፈዋል። በዚህ ፒካፕ ላይ በመመርመሪያ ሶኬቱ በኩል ሲነበብ፣ ባዶውን ሜዳ ላይ ከ80 እስከ 88 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ተጭኖ ረጅም ዳገት ላይ ማርሹ በዲ (ካምቢዮው ራሱ ማርሽ በሚመርጥበት ቦታ) ሲተው 112 ደረሰ። እዚያው ዳገት ላይ ማርሹ በእጅ 3ኛ ላይ ሲያዝ ግን መቆለፊያው ያዘ፤ ካምቢዮው በ3 እና በ4 መካከል መዋለሉን ተወ፣ ሙቀቱም ወደ 98 ወረደ። የዘይት ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚለውን የኬሚስቶች ግምት ለሚያስታውስ ሰው፣ ይህ የ14 ዲግሪ ልዩነት ከየትኛውም ውድ ዘይት የበለጠ ዋጋ አለው።

በዚህ መሠረት የሚከተለው ልክ ምክንያታዊ ነው፦ ሙቀቱ በየሳምንቱ ከ110 የሚያልፍ ፒካፕ በ40,000፣ ጭነትና ባዶ የሚያፈራርቅ በ60,000፣ ባዶውን ረጅም መንገድ የሚሄድ ደግሞ በ80,000 ኪሎ ሜትር። ኪሎ ሜትር ሳይቆጠር ወዲያው መቀየር ያለበት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው መኪናው ጥልቅ ውኃ ካቋረጠና ውኃ በካምቢዮው መተንፈሻ ገብቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ሲጠረጠር ነው። ሁለተኛው ዘይቱ ሮዝ ወተት መስሎ ሲታይ ነው፤ ይህ የራዲያተር ውኃ ከካምቢዮ ዘይት ጋር መቀላቀሉን ያሳያል። ሁለተኛው ከታየ መኪናው መነዳት የለበትም። ቅልቅሉ የክላቾቹን የግጭት ሽፋን የያዘውን ሙጫ ስለሚያላቅቅ፣ መጀመሪያ የማቀዝቀዣው ቀዳዳ ተገኝቶ መዘጋት አለበት፤ ከዚያ በፊት ዘይት ብቻ መቀየር ገንዘብ ማፍሰስ ነው።

አዲሱ ዘይት ምን ለወጠ? ጠዋት ከፒ (ማቆሚያ) ወደ አር (የኋላ ማርሽ) ሲገባ ቀድሞ ሁለት ሰከንድ ያህል የሚያስጠብቀው ካምቢዮ አሁን ከአንድ ሰከንድ በታች ይይዛል። ከ60 እስከ 70 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ነዳጅ በቀስታ ሲሰጥ የሚሰማው መንቀጥቀጥም ጠፍቷል። መኪናው ተራ በተራ የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች ላይ የሚሄድ ያስመስል ነበር፤ ብዙዎች ከጎማ ሚዛን ያያይዙታል። መነሻው ግን መቆለፊያው ክላች ሲይዝ መንሸራተቱን የሚያለሰልሰው ቅመም ዘይቱ ውስጥ ማለቁ ነው። ጎማ ከሆነ ነዳጅ ቢለቀቅም ይቀጥላል፤ መቆለፊያው ከሆነ ፍሬን በግራ እግር ለስለስ ብሎ ሲነካ መቆለፊያው ይለቅና መንቀጥቀጡ ወዲያው ይቆማል። ያልለወጠውም አለ። የነዳጅ ፍጆታው ያው ነው፤ በተመሳሳይ ጭነትና ዳገት ላይ የሚነበበው ሙቀትም ያው ነው። ሲንቴቲክ ዘይት ሙቀትን የበለጠ ይቋቋማል እንጂ ሙቀቱን አይቀንስም። ማርሽ የሚያንሸራትት፣ ክላቹ ያለቀ ካምቢዮም በዘይት አይድንም።

አንድ ጊዜ ቀይሮ መጨረስ እንደማይቻል ግን ብዙ ሰው አያውቅም። ይህ ካምቢዮ በጠቅላላው 10 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ የማፍሰሻው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው 4 ሊትር ብቻ ነው። ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየክላቹ የሚያከፋፍለው ክፍል)፣ ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ ውስጥ ይቀራል። አንድ ጊዜ ተቀይሮ ዘይቱ 40 በመቶ አዲስ ይሆናል፤ ሁለት ጊዜ 64፣ ሦስት ጊዜ 78 በመቶ። እዚህ የተደረገው ሦስት ጊዜ ነው፣ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፤ ጠቅላላ 12 ሊትር ፈጅቷል። መንቀጥቀጡ የቆመው ከሁለተኛው በኋላ ነበር። በማሽን ግፊት ዘይቱን በአንዴ አጥቦ የማውጣት ዘዴ ረጅም ጊዜ ሳይቀየር ለቆየ ካምቢዮ አይመከርም፤ ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ላይ የሰፈረውን ቆሻሻ አንስቶ ወደ ሶሌኖይዶቹ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች) ሊወስደው ይችላል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መኪናው ፍጹም ደልዳላ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ከፍ ከተደረገም አራቱም ጎኑ እኩል ይደገፋል። ከሁሉ በፊት የመሙያው ብሎን ይፈታ። ዘይቱን አፍስሶ መሙያው አልፈታም ካለ መኪናው እዚያው ይቀራል። ከዚያ የማፍሰሻው ብሎን ይፈታል፤ የወረደው ዘይት በመለኪያ ዕቃ ይለካል፣ እኩል መጠን ይመለሳል። መለኪያው ትርጉም የሚኖረው ሁለቱ ዘይቶች ተቀራራቢ ሙቀት ካላቸው ነው፤ ትኩስ ዘይት ስለሚሰፋ ለክቶ በቀዝቃዛ መተካት መጠኑን ያዛባል። የብሎኖቹ ሮንዴላ በአዲስ ይተካል።

ኮፓው ከወረደ ውስጡ ያሉት ማግኔቶች ዋናውን ምርመራ ይነግራሉ። ላያቸው ላይ እንደ ግራጫ ቅባት የተለጠፈ ደቃቅ ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት ሲታሽ ይልማል። የሚቆረቁር ስንጥር ወይም የሚያብረቀርቅ ቅርፊት ከተገኘ ግን ነገሩ ከዘይት አልፏል። ፊልትሮው ሲነሳ አሮጌው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ሊቀር ይችላል። በባትሪ ብርሃን ይታይ። በላዩ አዲስ ከተደራረበ ፊልትሮው በደንብ አይቀመጥም፤ ፓምፑ አየር ይስባል፣ ካምቢዮውም ማርሽ ለመያዝ ይዘገያል። የኮፓው ብሎኖች እጅግ በቀስታ የሚጠብቁ ናቸው፦ በአብዛኛው ከ4 እስከ 10 ኒውተን ሜትር፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል። ያንጠባጥባል ተብሎ ሲጨመቅ የኮፓው ጠርዝ ይጎብጣል፣ ጓርኒሲዮኑም ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

መለኪያ ዘንግ የሌለው ካምቢዮ መጠኑ የሚለካው በሙቀት ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ ማርሹ በፍሬን ተይዞ ከፒ እስከ ዲ በየቦታው ጥቂት ሰከንድ እየቆየ ይመላለሳል፤ ከዚያ ፒ ላይ ይቆማል። በዚህ ካምቢዮ የዘይቱ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለበት ጊዜ የመጠን መፈተሻው ብሎን ይከፈታል፤ ሌላው ካምቢዮ የራሱ ቁጥር ስላለው የራሱ መመሪያ ይታይ። ዘይቱ በቀጭኑ እየተንጠባጠበ ከወጣ ልክ ነው። በጅረት ከወረደ ተርፏል፤ ምንም ካልወጣ ጎድሏል። በዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ዘይቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ የተፈተሸ መኪና ዘይቱ ስለሰፋ ብቻ ሙሉ መስሎ ይታያል፤ ሲበርድ ጎድሎ ይገኛል፣ ዳገት ላይም ፓምፑ አየር ይስባል። ከልክ በላይ የሞላ ደግሞ በሚሽከረከሩት ክፍሎች ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ግፊት አይይዝም፣ ክላቾቹም ይንሸራተታሉ።

የዘይቱ ዓይነት ላይ ድርድር የለም። ደብሊው ኤስ፣ ዴክስሮን 6 እና መርኮን ኤልቪ የሚባሉት የካምቢዮ ዘይት ዓይነቶች ቀጭን ናቸው። የቀድሞው ዴክስሮን 3 በ100 ዲግሪ ሙቀት 7 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) ገደማ ውፍረት ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ዴክስሮን 6 ግን ከ6.4 እንዳያልፍ ተወስኗል። ቫልቮቹና ሶሌኖይዶቹ ለአንዱ ውፍረት የተሠሩ ስለሆኑ ወፍራም ይሻላል ብሎ መቀየር የማርሽ አያያዙን ያበላሻል። ለሲቪቲ (ቋሚ ማርሽ ለሌለው) ካምቢዮ የተሠራ ዘይትም ቀለሙ ቢመሳሰል አይገባም። እዚህ በተገመገመው ዘይት ቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ ይኸው ነው፦ የጣሳው ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው "ለሁሉም ኦቶማቲክ" የሚለው ቃል ነው፤ ትክክለኛው ዝርዝር ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ነው ያለው፣ ሳይነበብ መገዛት የለበትም።

ለዚህ ፒካፕ ቀጣዩ ቅያሪ በ158,000 ኪሎ ሜትር ተይዟል፤ ያን ጊዜ ኮፓው ይወርዳል፣ ፊልትሮውም ይተካል። ከዚያ በፊት ሙቀቱ አንድ ጊዜ እንኳ ከ120 ካለፈና ጠብታው ወረቀት ላይ ጥቁር ነጥብ መተው ከጀመረ ቀጠሮው ቀደም ይላል።