መኪናዬን ከመንካቱ በፊት ላዳመጣት ጎሚስታ

ይህን መጻፍ የነበረብኝ ከሦስት ወር በፊት ነው። ግን ሁለት ቦታ ተቃጥዬ ስለነበር፣ ሥራው እንደሚቆይ ሳላይ ሰው ወደ ማንም መላክ አልፈለግኩም። አሁን አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ረጅም መንገድ ሄጄባታለሁ፤ መኪናዬ ተሠርታ በወጣችበት ቀን እንደነበረችው ናት። ስለዚህ አሮጌ የቤት መኪና ያላችሁ፣ ጎማ ልትቀይሩ ያሰባችሁ፣ የመንገድ ጩኸት ያማረራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ።

መኪናዋ የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ በኋላ የምነዳት እኔ ነኝ። እናቴን በየወሩ ለሕክምና ክትትል የማመላልሳትም በእሷ ነው። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንመለሰው። እናቴ ከኋላ መቀመጥ ትወዳለች፤ እግሯን ዘርጋ አድርጋ። ድሮ መንገዱን የምንገፋው በጨዋታ ነበር።

ከዛ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ አንድ የማያቋርጥ «ውውው» የሚል ድምፅ መጣ። በየወሩ እየባሰበት ሄደ። እቤት ስንደርስ ራሴን ያመኝ ነበር። እናቴም ቀስ በቀስ ዝም አለች። መስኮቱን እያየች ትሄዳለች፣ መስኮቱን እያየች ትመለሳለች። እኔ ሕመሙ የከበዳት መስሎኝ ውስጤ ይላወስ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ «ጎማሽ ጠባብ ስለሆነ ነው» አሉኝ። ሰፊ ጎማ ከታሰረላት መሬት ትይዛለች፣ ድምፁም ይጠፋል ተባልኩ። አመንኳቸው። አራት «አዲስ» ጎማ ገዛሁ። ከዚያ ስወጣ ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ ሳዞረው ጎማው ፓራፋንጎውን (ከጎማው በላይ ያለውን መሸፈኛ) «ክርርር» አድርጎ ፋቀው። ተመልሼ ነገርኳቸው። «ትለምጂዋለሽ» አሉኝ። ሁለተኛ ስመለስ ደግሞ አንደኛው «ባለቤትሽ ይምጣና ከሱ ጋር እንነጋገር» አለኝ። ገንዘቡን የከፈልኩት እኔ። መሪውን የያዝኩት እኔ። ያን ቀን እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። ጩኸቱ ደግሞ ጭራሽ ብሶበት ነበር።

ሁለተኛው ቦታ «ውስጧን እንሸፍንልሽ» አሉ። ወንበሩን አወጡት፣ ምንጣፉን አነሱት፣ በሮቹን ፈቱ፣ ጥቁር የሚለጠፍ ነገር በየቦታው ለጠፉ። ሁለት ቀን ያሉት ዘጠኝ ቀን ሆነ። በመሃል የእናቴ ቀጠሮ ደርሶ በሰው መኪና ነው የሄድነው። ስረከባት «ውውው» እንዳለ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ውስጧ እርጥበት እርጥበት መሽተት ጀመረ። ስልክ ስደውል አያነሱም። ስማቸውን አልጽፍም። እነሱ ግን ራሳቸውን ያውቃሉ።

ጎሚስታውን ያገኘሁት ፈልጌው አይደለም። ሚስማር ወግቷት ቅርብ ስለነበረ ገባሁ። በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው፤ እኔ ጋሼ ነው የምለው። ሚስማሩን ነቅሎ ቀዳዳውን ሠራልኝ። ጎማውን ከመመለሱ በፊት ግን እጁን በፓራፋንጎው ሥር አስገብቶ ዳበሰና «እህቴ፣ ይሄ ጎማ መሪ ስታዞሪ አይነካም?» አለኝ። እኔ ምንም ሳልነግረው!

እዚያው ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን እስከዛሬ ማንም ጠይቆኝ የማያውቅ ነው። «ድምፁ በጣም የሚያስቸግረው ማንን ነው?»

እናቴን አልኩት። «የት ነው የሚቀመጡት?» አለኝ። ከኋላ፣ በቀኝ በኩል።

እጁን ታጠበ። ወንበሩ እንዳይቆሽሽ ጨርቅ አነጠፈና እናቴ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። «በይ ንጂ» አለኝ። መኪና የማይበዛበት መንገድ ላይ ስንደርስ ዓይኑን ጨፈነ። በመስታወት አየዋለሁ። «ትንሽ ወደ ግራ በያት... አሁን ወደ ቀኝ...» ይለኛል። ሌላ ምንም አይልም። ከዛ «እስቲ በተለመደው ድምፅሽ የሆነ ነገር ንገሪኝ» አለ። ስለ እናቴ ቀጠሮ ነገርኩት። ጨርሼ መልስ ስጠብቅ ዝም አለ። ዞር ስል ራሱን ነቀነቀ። «አንድም ቃል አልሰማሁም። እናትሽም አይሰሙሽም» አለኝ።

መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩ። የእናቴ ዝምታ ያኔ ነው የገባኝ።

ስንመለስ የተሰማው አንድ ድምፅ ሳይሆን ሦስት መሆኑን ነገረኝ። አንደኛው የፊት ቀኝ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው የሚሽከረከርበት ብረት ማለት ነው። ወደ ግራ ስታጠፍ ክብደቷ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ያኔ ጩኸቱ ይጨምራል፣ ወደ ቀኝ ስትል ይቀንሳል። ሁለተኛው ጎማው ራሱ ነው። እጄን ይዞ ጥርሱን አስዳበሰኝ። ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዳበስ ለስላሳ፣ ወደ ሌላው ሲዳበስ እንደ መጋዝ ይይዛል። ሦስተኛው ነፋስ ነው፤ የበሮቹ ዙሪያ ጎማ አርጅቶ ደርቋል። የሚሸተው እርጥበትም የመጣው በሩ ሥር ያለውን የውሃ መውጫ ቀዳዳ የለጠፉት ነገር ስለደፈነው ነበር። እዚያው ከፈተው። ውሃው ሲፈስ አየሁት።

ከዛ ጠመኔ አንስቶ መሬት ላይ ጻፈልኝ። የመኪናዋ የፋብሪካ ጎማ 185/65 ባለ 15 ነው። 185 የጎማው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። 15 የቸርኬው (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) መጠን፣ በኢንች። እነዚያ ሰዎች ያሰሩልኝ 205/65 ነበር። ስፋቱ ሲጨምር 65ቱን ስላልቀነሱት ጎማው ቁመቱም ጨመረ፤ ወደ 26 ሚሊ ሜትር። ፓራፋንጎውን የሚፍቀው ለዚህ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያውም ይዋሻል፤ 80 ሲል እኔ ከ83 በላይ እየነዳሁ ነበር። ሌላም ስለ ቸርኬው ስፋትና ስለ ክብደት የነገረኝ አለ፤ እሱ ሁሉ አልገባኝም። እሱ ግን ቸርኬውን ለክቶ አረጋገጠ።

አዲስ ተብሎ የተሸጠልኝ ጎማ ጎኑ ላይ ያለውን ቁጥርም አሳየኝ። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች 0914 ይላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. 9ኛ ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሳይታሰር ተቀምጦ የደረቀ ጎማ ነው የገዛሁት። እባካችሁ ጎማ ስትገዙ ይህችን ቁጥር እዩ። ከመታሰሩ በፊት እዩ።

«እሺ፣ ታዲያ ሌላ ጥሩ ሰፊ ጎማ እሰርልኝ» አልኩት። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር እኮ! «እህቴ፣ ሰፊ ጎማ ጩኸት አይቀንስም። አብዛኛውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ» አለኝ። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ይይዛል፣ ውሃ ላይ ግን ቶሎ ሊንሳፈፍ ይችላል፣ ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል። «ሰፋ እንዲል ከወደድሽ ከ195/60 አትለፊ፤ ቁመቱ ከፋብሪካው ጋር ተቀራራቢ ነው። ካልሆነ የራሷን እሰርላታለሁ።» ሁለቱንም እኩል አድርጎ አስረድቶ ምርጫውን ለኔ ተወልኝ። 195/60 መረጥኩ። ጥርሱ ጩኸት የማያበዛውን ለይቶ አመጣልኝ፣ የተሠራበትን ቁጥር ሳልጠይቀው አስነበበኝ፣ ከዛ አሠረው። ባላንስ ተሠራ። አላይመንት ተሠራ።

ኩሽኔታ እሱ አይሠራም። ግን የሚያምነው መካኒክ ጋ ይዞኝ ሄዶ እስኪያልቅ አብሮኝ ቆመ። የበሩን ጎማ ደግሞ «ሁሉንም አትቀይሪ፣ የፊት ሁለቱ ይበቃሉ» ብሎ ወጪ ቀነሰልኝ። ስሄድ «50 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሽ በኋላ ተመለሺ፣ ብሎኑን ደግሜ ላጥብቀው» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ረሳሁት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለልኝ። ሄድኩ፤ በእጁ እያፈራረቀ አጠበቀው። ልክፈል ስለው አልተቀበለኝም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መኪናዋ ፍጹም ጸጥ አላለችም። አሮጌ ናት። ሻካራ አስፋልት ላይ አሁንም ድምፅ አላት። ያ ጭንቅላት የሚበሳው «ውውው» ግን የለም። መሪውን እስከ መጨረሻ አዞራለሁ፣ ምንም አይነካም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ብዙም ሳንሄድ ከኋላ «አባትሽ እኮ እዚህ ጋ ነዳጅ አልቆበት...» ብላ ጀመረች። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። እያንዳንዱን ቃል ሰማሁት። ሁለቱ ሳይጋቡ በፊት የነበረ ነገር ነው፤ እስክንደርስ አላለቀም። ስንመለስ «እማዬ፣ ለምንድነው ዝም ትይ የነበረው?» አልኳት። «ሁለት ሦስቴ ጠርቼሽ አልሰማሽኝም። እየነዳሽ ላላስቸግርሽ ብዬ ተውኩት» አለችኝ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። የሠራኸው ጎማ ብቻ አይደለም።

እናንተም ሂዱ። ጎማ ሳትገዙ በፊት ሂዱ፣ ገዝታችሁ ከተቃጠላችሁም ሂዱ። በተለይ ሴቶች፣ «ባለቤትሽን ላኪ» መባል የሰለቻችሁ፣ እሱ ጋ ሂዱ። ስሙን እዚህ እንድጽፍ ስላላስፈቀድኩት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ስትደርሱ «ያቺ እናቷን የምታመላልሰው ልጅ ላከችን» በሉት። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የእናቴን ጤንነት ነው።