የካናዳ የተማሪ ቪዛ ጉዳይን ለአማካሪ ድርጅት መስጠት ያዋጣል? በደብረ ብርሃን ያየነው አገልግሎት ግምገማ

ታናሽ እህቴ ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቃ ለጥቂት ዓመታት ከሠራች በኋላ፣ በካናዳው የሳስካችዋን ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ትምህርት ዕድል አገኘች። የመግቢያ ደብዳቤው እንደ ደረሳት ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ «ቪዛውን ለሚያውቅ ሰው ስጡት» አለ። በዚህ ዓመት፣ በ2018 ዓ.ም.፣ በከተማችን መሀል ከሚገኙት የቪዛ አማካሪ ቢሮዎች ወደ አንዱ ሄድን፤ ውል ከመፈረማችን በፊትም የሚሰጡትን አገልግሎት እየነጣጠልን ጠየቅን። በመጨረሻ ከአገልግሎቱ አንዱን ክፍል ገዝተን ሌላውን ትተናል። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማም ሆነ ከሸዋ ሮቢት ለተመሳሳይ ጉዳይ ለሚመጣ ሰው የሚጠቅመው፣ እንዲህ ያለ ቢሮ ምን እንደሚሸጥና የትኛው ክፍል ገንዘብ እንደሚያወጣ ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀረበልን ዋጋ 60,000 ብር ሲሆን፣ ግማሹ ውል ሲፈረም፣ ግማሹ ደግሞ ቪዛው ሲመታ የሚከፈል ነው። በዚህ ዋጋ ውስጥ የሰነድ ማሰባሰብ፣ የትርጉም ሥራ፣ ቅጽ መሙላት፣ የማብራሪያ ደብዳቤ መጻፍ፣ ማመልከቻውን በኢንተርኔት ማስገባትና አዲስ አበባ ለሚሰጠው የጣት አሻራ ቀጠሮ መያዝ ተካትተዋል። ለካናዳ መንግሥት የሚከፈለው 150 የካናዳ ዶላር የማመልከቻ ክፍያና 85 ዶላር የአሻራ ክፍያ ግን ለብቻው ነው። ቅጾቹ በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ የሚገኙ ስለሆኑና አመልካቹ የራሱን አካውንት ከፍቶ ማመልከት ስለሚችል፣ ቅጽ መሙላትንና ማስገባትን ብቻ ለማሠራት ይህን ያህል ገንዘብ መክፈል ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

የቢሮው እውነተኛ ጥንካሬ የሰነድ ምርመራው ነው፤ ይህንንም በሙሉ ልብ እመሰክራለሁ። ሰነዶቹን የተረከበችን ወጣት ሠራተኛ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቃል በቃል አስተያየቻቸው። የአባታችን ስም በዲግሪው ላይ በአንድ የላቲን ፊደል፣ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ስለ ነበር፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማረጋገጫ ከማመልከቻው ጋር እንዲያያዝ አደረገች። ከዚህ የባሰው የልደት ቀኑ ነበር። እህቴ የተወለደችው ታኅሣሥ 25 ቀን 1991 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 3 ቀን 1999 ይሆናል፤ ፓስፖርቷም ይህንኑ ይላል። የልደት የምስክር ወረቀቷን ቀደም ሲል የተረጎመልን ቤት ግን 7 ዓመት ብቻ ደምሮ 1998 ብሎ ጽፎታል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ 8 ዓመት መሆኑን የማይገነዘብ ተርጓሚ በታኅሣሥ መጨረሻ የተወለደን ሰው ሁሉ በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። ወጪዋን የምጋራው ወንድሟ መሆኔ የሚረጋገጠው በዚያው የምስክር ወረቀት ስለሆነ፣ ስህተቱ እንደ ታየ ትርጉሙ እንደ ገና ተሠራ። የካናዳ የቪዛ መኮንን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር እንዲያሰላልን መጠበቅ አይቻልም፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ዓይን ለሰነድ መክፈል ተገቢ ነው።

ቀጥሎ የፈቃድ ጉዳይ ይነሣል። በካናዳ የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ጥበቃ ሕግ አንቀጽ 91 መሠረት፣ ክፍያ ተቀብሎ አመልካችን ማማከርም ሆነ መወከል የሚችለው የክፍላተ ሀገራቱ የሕግ ማኅበራት አባል የሆነ ጠበቃ ወይም የሕግ ረዳት፣ የኩቤክ ኖታሪ፣ አለዚያም የኢሚግሬሽንና ዜግነት አማካሪዎች ኮሌጅ ፈቃድ የሰጠው አማካሪ ብቻ ነው። ይህ ኮሌጅ ሥራ የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአባላቱን ስም ዝርዝር ማንም ሰው በድረ ገጹ ላይ ፈልጎ ማየት ይችላል። ተወካይ የቀጠረ አመልካች ደግሞ አይኤምኤም 5476 የተባለውን ቅጽ ሞልቶ የተወካዩን ስምና የፈቃድ ቁጥር ያሳውቃል። ሥራ አስኪያጁን በዚህ ቅጽ ላይ ማን እንደሚፈርም ስጠይቃቸው፣ ፊታቸውን ወደ እህቴ አዙረው «አንቺ ራስሽ እንዳመለከትሽ ሆኖ ነው የሚገባው፤ ቅጹ አያስፈልግም» አሏት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ ጽሑፉን እነርሱ ይጽፋሉ፣ ኃላፊነቱን እርሷ ትሸከማለች። የአካውንቱን የይለፍ ቃል የሚይዙትም እነርሱ እንደሆኑ ነገሩን፤ ስለዚህ መንግሥቱ ተጨማሪ ሰነድ ቢጠይቅ መልእክቱን ቀድሞ የሚያየው ቢሮው ነው፣ የጊዜ ገደብ ቢያልፍ ግን የሚጎዳው አመልካቹ ነው። ስሙን በቅጹ ላይ ለማስፈር የማይደፍር አማካሪ በምንም ዋጋ ሊቀጠር አይገባም የሚል ጽኑ አቋም አለኝ።

የማብራሪያ ደብዳቤውን ናሙና ባየሁ ጊዜ በእውነት አዘንሁ። ካናዳ የብዙ ባህሎች አገር መሆኗን፣ የትምህርቷ ጥራት በዓለም የታወቀ መሆኑንና አመልካቹ ሲመረቅ ወደ «ውድ አገሩ» እንደሚመለስ የሚያትት፣ የማንም ስም ቢገባበት የሚሠራ ጽሑፍ ነው። መኮንኑ ግን በሕጉ የሚጠበቅበት፣ ይህች አመልካች የተፈቀደላት ጊዜ ሲያበቃ ካናዳን ለቅቃ እንደምትወጣ ማመን ነው፤ ሊያሳምነው የሚችለውም የእርሷ የራሷ ሕይወት ነው። እህቴ የምትሠራው በደጋ ገብስ ላይ ነው። በባሶና ወራና እና በመንዝ ውርጭ የገበሬውን አዝመራ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚያቃጥለው እያየች አድጋለች፤ ሳስካችዋንን የመረጠችውም ዩኒቨርሲቲው በሳስካቱን በሚገኘው የሰብል ልማት ማዕከሉ አማካይነት በገብስ ዝርያ ማሻሻል የታወቀ በመሆኑና የዚያ አገር ገበሬም እንደ እኛው ከብርድ ጋር የሚታገል በመሆኑ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው በቢሮው ውስጥ የለም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ስለ ሥራዋ አልጠየቃትም። ደብዳቤውን ራሷ ጻፈችው፤ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ምን እንደሠራች፣ ምን እንደጎደላትና ተመልሳ የት ልትሠራበት እንዳሰበች ዘርዝራ። እኔ የቀየርሁት ጥቂት ነጠላ ሰረዞችን ነው።

ከቢሮው ጋር ያለንን ሰፊ ውል እንድንተው ያደረገን ግን የገንዘብ ማስረጃው ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ብቸኛ ተማሪ ከትምህርትና ከጉዞ ወጪው ሌላ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 22,895 የካናዳ ዶላር እንዳለው ማሳየት ይጠበቅበታል። ዩኒቨርሲቲው ለምርምር ተማሪነቷ የሚሰጣት ድጎማ ከዚህ ትልቁን ክፍል ስለሚሸፍን፣ እኛ የምናሳየው ቀሪውን ብቻ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ማስረጃው «እንዲጠነክር» በሚል በስሜ ሒሳብ ውስጥ ገንዘብ አስገብተው፣ የባንክ ማረጋገጫ ከወጣ በኋላ መልሰው እንደሚወስዱት፣ ለዚህም የተለየ ክፍያ እንዳለው ነገሩን። ከሚቀበሏቸው ማስረጃዎች አንዱ ያለፉት 4 ወራት የባንክ እንቅስቃሴ ስለሆነ በድንገት ገብቶ የሚወጣ ገንዘብ በቀላሉ ይታያል። ከዚያም በላይ ነገሩ ሐሰት ነው፤ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ አመልካች በዚያው ሕግ አንቀጽ 40 መሠረት ለ5 ዓመት ወደ ካናዳ እንዳይገባ ይታገዳል። ቢሮው ግን በማመልከቻው ላይ ስሙ ስለሌለ የሚደርስበት ነገር አይኖርም። የእህቴን የዓመታት ልፋት ለዚህ አደጋ አሳልፌ ልሰጥ አልችልም ብዬ በግልጽ ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም ብዙ አልተከራከሩኝም።

የእውቀታቸው ወቅታዊነትም አጠራጥሮኛል። ከጃንዋሪ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካናዳ ከአብዛኞቹ ተማሪዎች የክፍለ ሀገር ማረጋገጫ ደብዳቤ፣ ማለትም ተማሪው ለሚማርበት ክፍለ ሀገር በተመደበው የተማሪ ኮታ ውስጥ መግባቱን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ትጠይቃለች። የማስተርስ ተማሪዎች መጀመሪያ ነጻ ነበሩ፣ በ2025 ግዴታው ለእነርሱም ሆነ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ደግሞ በመንግሥት ተቋማት ለሚማሩት እንደ ገና ቀረ። ቢሮው ግን ይህን ደብዳቤ እንድትጠብቅ መክሯት ነበር። ትክክለኛውን መልስ ያገኘነው ከዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ክፍል በኢሜይል ሲሆን፣ አንዲት ሳንቲም አልከፈልንበትም። የመግቢያ ደብዳቤ በእጁ ያለ ተማሪ ሁሉ ለማንም ከመክፈሉ በፊት ለትምህርት ቤቱ እንዲጽፍ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በርካታ የካናዳ ተቋማት ተማሪን በኢሚግሬሽን ጉዳይ በነጻ ለማማከር ፈቃድ ያላቸው ሠራተኞች አሏቸውና።

በመጨረሻ ለቢሮው የሰነድ ምርመራውንና የትርጉሙን ዋጋ ብቻ ከፍለን ደረሰኝ ተቀበልን፤ ማመልከቻውን እህቴ በራሷ አካውንት አስገባች፤ አሻራዋንም አዲስ አበባ ሄዳ ሰጠች። ውሳኔው ገና አልመጣም። ቢፈቀድላትም ሆነ ቢከለከል፣ ስለ ቢሮው የጻፍሁት አይለወጥም።

ጉዳዩ እንደ እህቴ ቀጥተኛ ያልሆነበት ሰው አለ። ከዚህ በፊት የተከለከለ፣ በሌላ አገር የቪዛ ችግር የገጠመው ወይም የትዳርና የልጆች ጉዳይ ያለበት አመልካች ባለሙያ ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ሰው ስሙ በኮሌጁ መዝገብ ላይ ካለ አማካሪ ጋር በኢንተርኔት የአንድ ሰዓት ምክር ቢገዛ ይሻለዋል፤ የቪዲዮ ጥሪውን ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከደብረ ሲና ማድረግ ይቻላል። ሰነዱን ግን እዚሁ፣ ያችን ወጣት በመሰለች ሠራተኛ እጅ ያስመርምር፤ ለዚህ አገልግሎት ቢሮውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ።