ከአሻንጉሊት ክላሽ ጋር ለሚሸጠው «መነጽርና ሌዘር» ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ኢድ ወይም ገና ሲቃረብ በድሬዳዋዎቹ ገበያዎች፣ ታይዋንም ሆነ ቀፊራ፣ የፕላስቲክ ክላሽና ሽጉጥ በብዛት ይወጣል። 6 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋው ባዶው መጫወቻ አንድ ዋጋ አለው። ከላይ የማነጣጠሪያ መነጽር፣ ከሥር ሌዘር የታሰረበት «ሙሉ ስብስብ» ደግሞ ሌላ ዋጋ ይጠራበታል። ሰው የሚበላው በሁለቱ መካከል ባለው ልዩነት ነው። ልጅ ዓይኑ የሚያርፈው መብራቷ ላይ መሆኑን ሻጩ ያውቃል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያበራላችሁ እሷን ነው።

መነጽሩን እንይ። ጎኑ ላይ «4×20» ተጽፎበታል። 4 ጊዜ ያቀርባል፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 20 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። አብዛኛው ግን ሌንስ የሌለው ቱቦ ነው፤ በሁለቱ ጫፍ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ተለጥፎ አንዱ ላይ መስቀል ታትሞበታል። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። የሱቁን ጣሪያ ረጅም አምፖል ነጸብራቅ በፊት ሌንሱ ላይ ፈልጉት። አምፖሉ እንደ ግድግዳ መስታወት ቀጥ ብሎ በልኩ ከታየ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው። እውነተኛ ሌንስ የጎበጠ ስለሆነ አምፖሉን አሳንሶና አጉብጦ ያሳያል። ቀጥሎ አንዱን ዓይን በቱቦው ውስጥ፣ ሌላውን ከውጭ ገልጣችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ አንብቡ። ፊደሎቹ በሁለቱም ዓይን እኩል ከሆኑ የገዛችሁት ቱቦ ነው። ከላይና ከጎን ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖችም አዙሩ፤ መስቀሉ ካልተንቀሳቀሰ ብሎኖቹ ለጌጥ የተቀመጡ ናቸው።

ሌንሱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሽጉጥ ላይ ምን ይሠራል? ሽጉጥ ክንድ ተዘርግቶ ይያዛል፤ እንዲህ ያለ መነጽር ደግሞ ዓይን 7 ወይም 8 ሳንቲሜትር ያህል ካልቀረበው ጥቁር ክብ ብቻ ያሳያል። ክላሹ ላይ ያለው ችግር አያያዙ ነው። የእውነተኛ መነጽር መያዣ የሚሠራው 11 ወይም 20 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ላለው ሐዲድ ነው፤ የመጫወቻው ፕላስቲክ ሐዲድ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም አይገጥምም። ይወዛወዛል፣ ሞላው በተፈናጠረ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይላላል። 10 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው መያዣ ላይ አንዱ ጫፍ 1 ሚሊሜትር ቢንሸራተት፣ 10 ሜትር ርቀት ላይ ማነጣጠሪያው 10 ሳንቲሜትር ይስታል። ሱፐር ግሉ አድርጋችሁ ለማጣበቅ አትሞክሩ፤ ሲደርቅ የሚወጣው እንፋሎት ፕላስቲኩን ነጭ አድርጎ ያደበዝዘዋል።

ሌዘሩ ደግሞ በቀጥታ ይዋሻል። ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ፍሬዋ ግን ትወድቃለች። 0.12 ግራም የምትመዝን ፍሬ በሰከንድ 50 ሜትር ብትወጣ እንኳ 5 ሜትር ላይ 7 ሳንቲሜትር ያህል፣ 10 ሜትር ላይ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ፍሬዋን ወደ ኋላ አሽከርክሮ ከፍ የሚያደርጋት ጎማ በርካሹ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ልጁ ነጥቧን ጣሳው ላይ አሳርፎ ሲስት ጥፋቱ የእሱ ይመስለዋል።

ይህ ሁሉ የብር ጉዳይ ነው። የዓይኑ ጉዳይ ይብሳል። ስለ ጨረሩ ኃይል «ከ5 ሚሊዋት በታች» የሚለው ወረቀት ማንም ሊያትመው የሚችል ወረቀት ነው። እንግሊዝ ለጠቋሚ ሌዘር የምትመክረው ከ1 ሚሊዋት እንዳያልፍ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰው ሳያስበው ዓይኑን ጨፍኖ ይድናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ምርመራ 122 ሌዘሮችን ለክቶ ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ ገደማ፣ ከቀዮቹ 44 በመቶ የአገሪቱን የደኅንነት ደንብ ሳያሟሉ አግኝቷል። አረንጓዴው የሚብስበት ምክንያት አለ። ብርሃኑ የሚመነጨው ከማይታይ ጨረር ሲሆን ርካሹ ላይ ያንን ጨረር የሚያስቀር ማጣሪያ ብዙ ጊዜ አይገባበትም። የማይታየውን ዓይን አይሸሸውም፣ አይጨፈንለትም። አቦ፣ ለአራት ዓመት ልጅ ይህ መጫወቻ ነው? ማታ ደግሞ የባጃጅ ሹፌር ፊት ላይ፣ ለማረፍ ዝቅ ያለ አውሮፕላን ላይ የሚያበራ ልጅ አይጠፋም፤ አብራሪን ለአፍታም ቢሆን ማሳወር ቀልድ አይደለም።

ባትሪውንም ክፈቱና እዩ። ብዙዎቹ ሦስት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ይወስዳሉ። ክዳኑ በብሎን ካልታሰረና በጥፍር ከተከፈተ አትግዙ። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። አታስመልሱት፣ ቤት አታቆዩት፤ ድሬ ከሆናችሁ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረር ከሆናችሁ ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሩጡ።

ታዲያ ምን ይመረጥ? መጫወቻው ላይ አብሮ የተሠራውን ማነጣጠሪያ ተጠቀሙ፦ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችው ጉብታና ከኋላ ያለው ክፍተት። ሁለቱ ከአንድ ፕላስቲክ ስለወጡ አይላሉም፤ እስከ 5 ሜትር ድረስ ልጁ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማነጣጠር በአንድ ከሰዓት ይለምዳል። አፈሙዙ ላይ ያለውን ብርቱካናማ ቀለም አትፋቁ፣ በጥቁርም አትቀቡ።

የተረፈውን ብር የዓይን መከላከያ ግዙበት። የፀሐይ መነጽር አይሆንም፤ ሲመታ ተሰብሮ ስብርባሪው ወደ ዓይን ሊገባ ይችላል። ፖሊካርቦኔት የሆነ፣ ጎንና ጎኑን የሚሸፍን ይሁን፤ «ኢኤን 166» (EN 166) የሚለውን የአውሮፓ የዓይን መከላከያ ደረጃ ቁጥር ከነ«ኤፍ» (F) ፊደሉ ፈልጉበት። ኤፍ ማለት 6 ሚሊሜትር የብረት ኳስ በሰከንድ 45 ሜትር ተወርውሮበት ያለፈ ማለት ነው። የብየዳና የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ፤ አሻንጉሊት ተራ አትድከሙ። ልጁ ካጠለቀው በኋላ አንገቱን ወዝውዞ ከተንሸራተተበት ማሰሪያው ሰፍቷል።

ሱቁ ስትደርሱ ደግሞ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ያለ ሌዘሩ ስንት ነው?» ይሁን። «አይነጠልም» ካለ ብሎኑን ፍቱና አሳዩት፤ አብዛኛው የሚነጠለው በሁለት ብሎን ነው።