በሊዮን ከተማ ቤት ለሚከራይ፦ ባዶ ቤት፣ ዕቃ የተሟላለት ቤት ወይስ የአጭር ጊዜ ውል?

በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ቤት የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያ ሲያገላብጥ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በወር ኪራዩ ላይ ነው። ይሁንና ያው አንድ ክፍል በሦስት ዓይነት ውል ሊቀርብለት ይችላል። የውሉ ዓይነት ሲለወጥ የኪራዩ ጣሪያ፣ የመያዣው ገንዘብ፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያውና አከራዩ ተከራዩን የሚያስወጣበት አካሄድ አብረው ይለወጣሉ። ሦስቱ ውሎች ባዶ ቤት (ቪድ)፣ ዕቃ የተሟላለት ቤት (ሙብሌ) እና የአጭር ጊዜ ውል (ባይ ሞቢሊቴ) ሲሆኑ፣ የሚተዳደሩትም እ.ኤ.አ. ጁላይ 6 ቀን 1989 በወጣው የኪራይ ሕግና በኋላ በተደረጉለት ማሻሻያዎች ነው።

መጠኑ ቢለያይም፣ ለሦስቱም የጋራ የሆነው የኪራይ ጣሪያ መኖሩ ነው። በሊዮንና በጎረቤቷ በቪለርባን ከኖቬምበር 1 ቀን 2021 ጀምሮ አዲስ ውል ሲፈረም አከራዩ የፈለገውን ዋጋ መጥራት አይችልም። ለእያንዳንዱ ቤት በካሬ ሜትር የተተመነ የማጣቀሻ ኪራይ አለ፤ የሚወሰነውም በሰፈሩ፣ በክፍሎቹ ብዛት፣ ሕንፃው በተሠራበት ዘመንና ዕቃ ያለው ወይም የሌለው በመሆኑ ነው። ከዚህ ማጣቀሻ በ20 በመቶ ከፍ ያለው ዋጋ (ሉዋዬ ደ ሬፌራንስ ማዦሬ) ጣሪያው ነው። ማጣቀሻውም ጣሪያውም በውሉ ላይ መጻፍ አለባቸው፤ ካልተጻፉ ተከራዩ ውሉ በሥራ ላይ በዋለ በአንድ ወር ውስጥ እንዲገለጹለት በደብዳቤ መጠየቅ ይችላል። ይህ ሥርዓት በሙከራ ሕግ ላይ የቆመ ነው። በ2022 የወጣው ማሻሻያ ያራዘመው እስከ ኖቬምበር 2026 በመሆኑ፣ ውል የሚፈርም ሰው በፈረመበት ቀን የሚሠራውን ድንጋጌ ማረጋገጥ ይኖርበታል።

የኪራዩ ጣሪያ በካሬ ሜትር እስከተሰላ ድረስ ሁሉ ነገር በካሬው እውነተኛነት ላይ ይወድቃል። በሊዮን በክሯ ሩስ ኮረብታ ላይ ያሉት አሮጌ ቤቶች በ19ኛው መቶ ዘመን ለሐር ሸማኔዎች የተሠሩ ናቸው፤ የሽመና መሣሪያው ረጅም ስለነበር ጣሪያቸው ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ዛሬ ባለቤቶቹ በዚያ ከፍታ መሐል ቆጥ ሠርተው መኝታ ያደርጉታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ያለ ቤት ለማየት ሜትር ይዤ ሄጄ ነበር። ማስታወቂያው 30 ካሬ ይላል። መሰላሉን ወጥቼ ቆጡ ላይ ቀጥ ብዬ ለመቆም ብሞክር ራሴ ከጣሪያው ወራጅ ጋር ተጋጨ፤ ስለካው ከፍታው 1.65 ሜትር ነበር። ሕጉ ለመኖሪያ የሚቆጥረው ከፍታው ቢያንስ 1.80 ሜትር የሆነውን ወለል ብቻ ስለሆነ፣ ስድስቱ የቆጥ ካሬ ሲቀነስ ቤቱ 24 ካሬ ሆኖ ቀረ። የኪራዩ ጣሪያ ለስሌት እንዲመች በካሬ 18 ዩሮ ነው እንበል፦ በ30 ካሬ 540 ዩሮ፣ በ24 ካሬ 432 ዩሮ ይመጣል። በወር 108 ዩሮ፣ በዓመት 1,296 ዩሮ ልዩነት ማለት ነው። በባዶ ቤት ውል ላይ እውነተኛው ስፋት ከተጻፈው ከ5 በመቶ በላይ ካነሰ፣ ተከራዩ ኪራዩ በዚያው መጠን እንዲቀነስለት የመጠየቅ መብት አለው።

አሁን ያንኑ 24 ካሬ ቤት ዕቃ ተሟልቶለት ቢከራይ እንመልከት። ዕቃ ያለው ቤት የኪራይ ጣሪያው ከፍ ስለሚል፣ በካሬ 20 ዩሮ ብንለው ኪራዩ 480 ዩሮ ይሆናል። በዓመት የሚከፈለው ትርፍ 576 ዩሮ ነው። አንድ ሰው በዚህ ገንዘብ እንደ ኤማውስ ካሉ የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች አልጋ፣ ጠረጴዛና ማቀዝቀዣ ገዝቶ ሲለቅ ይዞት ሊሄድ ይችላል። የመያዣውም ነገር አለ፤ ለባዶ ቤት ከአንድ ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ዕቃ ላለው ግን እስከ ሁለት ወር ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቆይ ለሚያውቅ ሰው፣ በተለይም ልጆቹን በሰፈሩ ትምህርት ቤት ላስገባ ቤተሰብ፣ ያለማመንታት ባዶውን ቤት እመርጣለሁ።

ከገንዘቡ ይልቅ ለዚህ ምርጫ የሚያደላኝ የመኖሪያ ዋስትናው ነው። የባዶ ቤት ውል አከራዩ ግለሰብ ከሆነ ሦስት ዓመት፣ ድርጅት ከሆነ ስድስት ዓመት ይጸናል። አከራዩ ውሉን ማቋረጥ የሚችለው ዘመኑ ሲያበቃ፣ ከስድስት ወር በፊት አስጠንቅቆ፣ ያውም ቤቱን ሊሸጥ፣ እርሱ ወይም ቅርብ ዘመዱ ሊኖርበት ሲፈልግ ወይም ከባድና ሕጋዊ ምክንያት ሲኖረው ነው፤ ለሽያጭ ከሆነም አስቀድሞ ለተከራዩ ማቅረብ ይጠበቅበታል። ዕቃ ባለው ቤት ውሉ የአንድ ዓመት ነው፣ ማስጠንቀቂያው ሦስት ወር ብቻ ነው፣ የመግዛት ቅድሚያም የለም። ለተማሪ የዘጠኝ ወር ውል ሊሰጥ ይችላል፤ እርሱም በራሱ አይታደስም። ተከራዩ ሲለቅ ግን ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ሊዮን ቤት የጠበበባት ከተማ ተብላ ስለተመደበች ለባዶ ቤትም የሦስት ወሩ ማስጠንቀቂያ ወደ አንድ ወር ይወርዳል። ተከራዩ ግን ይህን ምክንያት በመልቀቂያ ደብዳቤው ላይ መጥቀስ አለበት።

ሻንጣ ብቻ ይዞ ለገባ ሰው ዕቃ የተሟላለት ቤት ተገቢ ነው፤ የተሟላ መሆኑ ግን መቆጠር አለበት። በ2015 የወጣው ድንጋጌ አልጋ ከነልብሱ፣ ለመኝታ ክፍል ብርሃን የሚከለክል መጋረጃ፣ ምድጃ፣ ኦቭን ወይም ማይክሮዌቭ፣ ማቀዝቀዣ፣ ድስትና ሳህን፣ ጠረጴዛና ወንበር፣ መደርደሪያ፣ መብራት፣ የጽዳት ዕቃ ሳይቀር ይዘረዝራል። ፍራሽና ወንበር ብቻ አስገብቶ በሙብሌ ዋጋ የሚያከራይ ሰው ሲገጥም፣ ዳኛ ውሉን ወደ ባዶ ቤት ውል ሊለውጠው ይችላል።

የአጭር ጊዜ ውሉ ከአንድ እስከ አሥር ወር ነው፤ መያዣ መጠየቅ ክልክል ነው፣ ውሉም አይታደስም። የተፈቀደውም ለተማሪ፣ ለሥልጠና ወይም ለልምምድ ለመጣና ለጊዜያዊ ሥራ ለተላከ ሰው ነው። ለስድስት ወር ልምምድ ለመጣ ወጣት ከሁለቱ ይሻላል። ቋሚ ሥራ ላለው ሰው ይህን ውል የሚያቀርብ አከራይ ግን ቤቱን በቀላሉ ለማስለቀቅ ያሰበ ስለሚመስለኝ አልመክርም።

በየትኛውም ውል ከኪራይ ጣሪያው በላይ «ተጨማሪ ኪራይ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለክሯ ሩስ ቤቶች ከፍታውና የእንጨት ወራጁ እንደ ልዩ ጌጥ ይጠቀሳሉ። ተከራዩ ውሉን ከፈረመ በሦስት ወር ውስጥ ወደ አስታራቂ ኮሚሲዮን ሄዶ ሊቃወመው ይችላል። ከኦገስት 2022 ወዲህ የኃይል ቁጠባ ደረጃው ከሁሉ ዝቅተኛ የሆነው ኤፍ ወይም ጂ የሆነ፣ ግድግዳው እርጥበት የያዘ ወይም ሽንት ቤቱ ከቤቱ ውጭ በሕንፃው ደረጃ ላይ የሆነ ቤት ተጨማሪ ኪራይ አይጠየቅበትም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮም ጂ ደረጃ ያለውን ቤት በአዲስ ውል ማከራየት አይፈቀድም፤ አራት ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ለማሞቅ አስቸጋሪ ስለሆነ የኃይል ምርመራ ወረቀቱ ከመፈረም በፊት መነበብ አለበት።

ዋስ የሌለው አዲስ መጤ ቪዛል የተባለውን የነጻ ዋስትና ያሟላ እንደሆነ ይጠይቅ። አከራይ የባንክ ሒሳብ መግለጫ አምጣ ቢል ሕጉ አይፈቅድለትም። ቁልፍ ሲረከቡ የሚሞላው የቤቱ ሁኔታ መዝገብ (ኤታ ዴ ሊዩ) ላይ ያልታየ ጉድለት ቢኖር በአሥር ቀን ውስጥ እንዲጨመር መጠየቅ ይቻላል፤ ማሞቂያው ደግሞ በብርዱ ወራት የመጀመሪያ ወር ውስጥ። መዝገቡ ሲገቡና ሲወጡ ከተመሳሰለ መያዣው በአንድ ወር፣ ካልተመሳሰለ በሁለት ወር ውስጥ ይመለሳል፤ ሲዘገይ ለተጀመረው ለእያንዳንዱ ወር የወር ኪራዩ 10 በመቶ ይታከልበታል። ክርክር ሲነሣ በየአውራጃው ያለው አዲል የተባለው የቤት ጉዳይ መረጃ ማእከል ያለ ክፍያ ያማክራል፤ ውሉን፣ የክፍያ ደረሰኞቹን፣ የለኩበትንም ወረቀት ይዘው ይሂዱ።