ስለ ውሃችን የሚናገር ሰሌዳ፦ በጎንደር ከሚሠሩት የትኛው ይበረክታል?

«ውሃ ሕይወት ነው» የሚል ባነር ለጎንደር ሰው አዲስ አይደለም። መፈክሩ እውነት ነው። ግን ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ከየት እንደሚነሣ፣ ለከተማዋ ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ ለምን በደለል እንደሚሞላ፣ ቀሃ ወንዝ ውስጥ የተጣለ ቆሻሻ መጨረሻው የት እንደሆነ አይናገርም። ይህን የሚያስረዳ ሰሌዳ ለማሠራት ለሚያስቡ ትምህርት ቤቶች፣ ዕድሮችና ማኅበራት እንዲረዳ ማስታወቂያ ቤቶች የሚሠሯቸውን ዋና ዋና የሰሌዳ ዓይነቶች መዝነናል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለአብዛኛው ቦታ በእጅ የተቀባ ላሜራ፣ ለጥምቀተ ባሕር (ጥምቀት ለሚከበርበት ገንዳ) አካባቢ የተቀረጸ ድንጋይ ይሻላል፤ ባነር ለበዓል ሰሞን ብቻ ነው።

ባነር ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል። የሚያሳስበው ቀለሙ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች ፀሐይዋ ለኅትመት ቀለም ትከብዳለች፤ ቀድመው የሚለቁት ደግሞ ቢጫውና ቀዩ ናቸው። ሰማያዊና ጥቁር ይቆያሉ። ወንዙ በሰማያዊ፣ የተሸረሸረው ተራራ በቀይ የተሳለበት ካርታ በጋ ሲደጋገምበት ወንዙ ብቻውን ይቀራል፤ ጉዳቱ ከካርታው ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ በባነርም ሆነ በስቲከር ሲታተም ማስጠንቀቂያ የሆነው ሁሉ በጥቁር ሰረዝ ይሳል። ጠርዙ ተደርቦ ካልተጣበቀና የገመድ ቀለበቶቹ በየ50 ሴንቲ ሜትሩ ካልተመቱ ነፋስ ከጥጉ ይቀድደዋል።

ስቲከር የተለጠፈበት ላሜራ አዲስ ሲሆን ከሁሉም ያምራል። የሚበላሸው ከጠርዙ ነው፦ ላሜራው የተቆረጠበት ቦታ ባዶ ብረት ስለሆነ ዝገት ከዚያ ይጀምርና ስቲከሩን ከሥር እያነሣ ይሄዳል። ጠርዙ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) እንዲቀባና ስቲከሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ታጥፎ እንዲለጠፍ ይጠየቅ። ከላዩ ላሚኔሽን (የሚከላከል ግልጽ ፕላስቲክ) የሌለውን አትቀበሉ።

የምንመርጠው በእጅ የተቀባው ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ አርኤችኤስ (ባለ አራት ማዕዘን ውስጠ ክፍት ብረት) ፍሬም ላይ ይበየዳል። ቅባቱ በቲነር ተጠርጎ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ሁለት ጊዜ አንቲረስት፣ ሁለት ጊዜ ነጭ የዘይት ቀለም ይቀባል፤ በየመሐሉ ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «አይዝግም» ተብሎ ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ይመረጥና የዘይት ቀለሙ በቀጥታ ይቀባበታል። ዚንኩ ከቀለሙ ዘይት ጋር ተዋህዶ በመሐላቸው ሳሙና መሰል ሽፋን ስለሚፈጥር ቀለሙ በቁራጭ በቁራጭ ይላጣል። ወይ ለጋልቫናይዝድ የተዘጋጀ ፕራይመር ይቅደም፣ ወይ ተራው ጥቁር ላሜራ ይወሰድ። የእጅ ሥራው ትልቁ ብልጫ ጥገናው ነው፦ የተላጠውን ቦታ ብቻ ሠዓሊው በብሩሽ ያድሰዋል፤ ኅትመት ከተበላሸ ግን ሙሉው ይጣላል።

በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ መሳልም ጥሩ ነው፤ አዲስ የተለሰነ ከሆነ ግን 28 ቀን ይቆይ። የሲሚንቶው አልካላይ የዘይት ቀለምን ስለሚበላ ለግድግዳ በውሃ የሚበጠበጥ የውጪ ቀለም ይሻላል። የክረምት ፍንጥቅጣቂ እንዳይደርስበት ሥዕሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል።

ድንጋይ ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚይዘውም ጽሑፍ ጥቂት ነው፤ ከ40 ቃል አይለፍ። ፊደሉ ከ4 ሴንቲ ሜትር ካነሰ የካዕብና የሣልስ ምልክቶች በመሮው ይሸረፋሉ። ጥምቀተ ባሕር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ አካል ስለሆነ የቅርስ ጥበቃ ፈቃድ ግድ ነው፤ ሰሌዳው ለብቻው ይቁም እንጂ ግንቡ ላይ በዲሪልም በሲሚንቶም አይያዝ። ግንቡ የታነጸው በኖራ ነው፤ ጠንካራ ሲሚንቶ ከኖራ ጋር ሲገናኝ እርጥበት አምቆ ድንጋዩን ይጎዳል። ቦታው ግን ከሁሉም የተሻለ ነው። ለጥር 11 ገንዳው ከቀሃ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፣ ሕዝቡም በአንድ ቀን ይመለከተዋል። «ይህ ውሃ ከቀሃ ነው፤ ቀሃ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና ይገባል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር እዚያ ቢቀረጽ ከብዙ መፈክር ይበልጣል።

አሁን ወደ ይዘቱ። ማስታወቂያ ቤቶች በልማድ የሚያቀርቡት የጠብታና የእጅ ሥዕል ነው። ያን አትውሰዱ፤ የግድቡን ቁመታዊ ቁራጭ፣ ማለትም ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ከጎን ሲታይ ያለውን መልክ፣ አስሉ። ጎርፉ ወደ ግድቡ ሲገባ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አሸዋው መግቢያው ላይ ይወድቃል፣ ደቃቁ ጭቃ ግን ወደ ግድቡ ግንብ ድረስ ሄዶ ይተኛል። ሁሉም የሚቀመጠው ከውሃው ሥር በመሆኑ ግድቡ በነሐሴ መጨረሻ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በሚያዝያና በግንቦት፣ ውሃው በፈረቃ እንኳ ሲጠፋ ነው። ዓይን የማያየውን ማሳየት ሰሌዳ ከሚሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ ነው። ውሃው በሰማያዊ፣ ደለሉ በቡናማ፣ ከላይ እርከን የተሠራበትና ያልተሠራበት ተራራ ጎን ለጎን ይሳሉ። ከሥሩ «1 ሜትር ኩብ ደለል የ50 ጀሪካን ውሃ ቦታ ይይዛል» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ባለ20 ሊትሩን ጀሪካን የማያውቅ የለም፣ የውሃ ቆጣሪውም የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው።

በዚያው ስሌት ሌላም መጨመር ይቻላል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ያፈሳል። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድበት 1,000 ሊትር ይቀበላል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 800 ሊትር ያህል ሮቶ ውስጥ ይገባል። ከከተማው በታች ለሚቆም ሰሌዳ ደግሞ የእምቦጭ ነገር አይቅር፦ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው ይህ አረም የሚፋፋው ከማሳና ከከተማ በሚታጠብ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው፤ መገጭም ከሚያመጡት ወንዞች አንዱ ነው።

ፊደሉ ከ3 ሜትር ለሚያነብ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ከመንገድ ማዶ 10 ሜትር ርቆ ለሚያነብ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በጣም የወፈረ ፊደል አይመረጥ፤ «ቡ» እና «ቢ» ከሩቅ አንድ ይሆናሉ። ቆሞ ለሚነበብ ሰሌዳ መካከሉ ከመሬት 1.4 ሜትር ላይ ይዋል፤ ለልጆች የታሰበ ከሆነ ከ80 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ 30 ዲግሪ ያህል የተጋደመ ይሻላል።

እግሩ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ፣ በ1፡2፡3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ኮንክሪት ይቀበር። አዘዞና ወደ ደምቢያ በኩል መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ እዚያ ጉድጓዱ ቢያንስ 1 ሜትር ይውረድ፣ ዙሪያውም በጠጠር ይሞላ። ካልሆነ ሰሌዳው ይጋደላል።

የግድቡን የውሃ መጠን በየወሩ የሚያሳይ ተቀያያሪ ሳህን ማስገባት እጅግ ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግን የሚቀይረው ሰው በስም ካልተመደበ አይሞከር። በግንቦት የኅዳርን መጠን የሚያሳይ ሰሌዳ የቀረውንም ጽሑፍ እንዳይታመን ያደርጋል። ሳህኖቹ 2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ሆነው በቁልፍ ይዘጉ።

ሥራው ሲታዘዝ የዲዛይኑ ፋይል ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ ተቀይረው በፒዲኤፍ ይሰጥ፤ ያለዚያ በሌላ ኮምፒዩተር ሲከፈት አማርኛው ሳጥን በሳጥን ይሆናል። ከቀለሙም ከየዓይነቱ ሩብ ሊትር በታሸገ ቆርቆሮ፣ የቀለም ቁጥሩ ተጽፎበት አብሮ ይረከቡ፤ ከመስከረም በኋላ ሰሌዳው በሳሙና ታጥቦ የተላጠው የሚሞላው በእሱ ነው።