አሸናፊ ከበደ እና ግርማ ይፍራሸዋ፣ ሁለት የሙዚቃ መንገድ

ሙዚቃ ለሚማሩ ልጆች እነዚህን ሁለት ሰዎች አነጻጽራችሁ እዩ እላለሁ። ፕሮፌሰር አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ት/ቤት ተምረው መጥተው የያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ፣ ከዛ ወደ አሜሪካ ተመልሰው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ በኢትኖሙዚኮሎጂ (የሕዝቦችን ሙዚቃ ከባህላቸው ጋር የሚያጠና ዘርፍ) ዶክትሬታቸውን በ1971 እ.ኤ.አ. ያዙ፣ በኋላም እስከመጨረሻው ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ኮንዳክተርም (የኦርኬስትራ መሪ) ኮምፖዘርም (የሙዚቃ ደራሲ) ነበሩ፣ ግን ብዙ ጊዜያቸው ለምርምርና ለመጻፍ ነው የሄደው።

ፒያኒስቱ ግርማ ደግሞ ክራር ሲጫወት አድጎ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ገብቶ ነው፣ ቡልጋሪያ ሶፊያ ኮንሰርቫቶሪ ጨርሶ መጥቶ እዛው ያሬድ አስተማረ፣ በኋላ ግን ማስተማሩን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ኮንሰርት ገባ።

የሚገርመኝ ሁለቱም ስለ እረኛና ዋሽንት ስራ አላቸው፣ አሸናፊ ለኦርኬስትራ፣ ግርማ ለብቻ ፒያኖ። የግርማን አምባሰል የሚለውን የፒያኖ ስራ ደግሞ በደንብ ስሙት፣ ፒያኖ እንደ ማሲንቆ ድምፅ ማንሸራተት አይችልም፣ እሱ ግን በፈጣን ጌጥ ኖታዎች ያንን ለቅሶ የሚመስል ነገር ያመጣዋል፣ በጣም ነው የምወደው!

ገቢና መረጋጋት ከፈለጋችሁ የአሸናፊ መንገድ ይሻላል፣ ዩኒቨርሲቲ ደሞዝም ላይብረሪም ይሰጣል፣ ግን አገር ያስለቅቃል። የግርማ መንገድ በየቀኑ ልምምድ ነው፣ ጥሩ ፒያኖ ያለው አዳራሽ ማግኘት ራሱ አዲስ አበባ ላይ ቀላል አይደለም። እኔ ግን ጣቱ ለሚታዘዝለት ልጅ የግርማን ነው የምመርጥለት፣ ምርምሩ በአርባ ዓመትም ይጀመራል።